ባሌ ፍሪሜሰን የሆነ ሰሞን

ባሌ ሊፍት ይጠግናል። የሲያትል ሕዝብ ከፎቅ ፎቅ የሚወጣውና የሚወርደው መጀመሪያ በእግዚአብሔር፣ ቀጥሎ በእሱ ፈቃድ እንደሆነ ያምናል፤ እኔም ለትዳሬ ስል አልከራከረውም። ታዲያ አንድ ቀን አንድ አሮጌ የቀይ ሸክላ ሕንፃ ውስጥ ሊፍት ቆመ ተብሎ ተጠራ። ሕንፃው የፍሪሜሰኖች መሰብሰቢያ ነው። አባላቱ አብዛኞቹ ጉልበት የከዳቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ሶ፣ ዓለምን በስውር ያሽከረክራል የሚባልለት ማኅበር፣ ፎቅ ላይ ወዳለው የገዛ አዳራሹ መውጣት አቅቶት ምድር ቤት ተኮልኩሎ አገኘው። ባሌ ሊፍቱን ሠራላቸው፣ እነሱ ዶናት አቀረቡለት፣ ጨዋታ ተጀመረ። ሊፍት ሊጠግን የሄደው ሰውዬ ቀስ በቀስ ወንድማቸው ሆነ።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው፣ ለሰው ሠርግ እንኳ ከረባት በልመና የማሳስረው ሰው ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ጥቁር ሙሉ ልብስ ግጥም አድርጎ፣ ሽቶ ነስንሶ፣ ትንሽ የቆዳ ቦርሳ ይዞ መውጣት መጀመሩን ነው። የት ልትሄድ ነው ስለው ስብሰባ ይለኛል። ሊፍት ጠጋኝ ምን ስብሰባ አለው? እኔም ማንኛዋም ጤነኛ ሴት የምትጠረጥረውን ጠረጠርኩ። አንድ ቅዳሜ ሻወር ሲገባ ጠብቄ ቦርሳውን ከፈትኩት። የሴት ፎቶ፣ የሴት ሻርፕ፣ ምናምን ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ሽርጥ ነው። ከበግ ቆዳ የተሠራ፣ ነጭ፣ ጠብታ ያልነካው ሽርጥ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ውሽማ ቢሆን እንዲያ አንጀቴ አያርርም ነበር። ከተጋባን ጀምሮ ወጥ ቤት ገብቶ አንድ ሽንኩርት ልጦ የማያውቅ ሰው፣ የጠጣበትን ብርጭቆ ካስቀመጠበት እኔ ካላነሳሁት እዚያው የሚያረጅበት ሰው፣ ለፈረንጅ ሽማግሌዎች ሲሆን ሽርጥ ይታጠቃል። ከሻወር እስኪወጣ ሽርጡን ታጥቄ ወጥ እያማሰልኩ ጠበቅኩት። ሲያየኝ ቀለሙ ጠፋ። አውልቂው፣ እሱ የወጥ ቤት አይደለም አለኝ። የወጥ ቤት አለመሆኑንማ ባለቤቱን አይቼ ገምቻለሁ አልኩት።

ከዚያ አስቀምጦ ያስረዳኝ ጀመር። ባሌ ሲያስረዳ ደግሞ ከመሠረቱ ነው የሚነሳው፣ ጣሪያ እስኪደርስ አይለቅሽም። ጥንት በስኮትላንድና በእንግሊዝ አገር ትልልቅ ካቴድራሎችን የሚሠሩ ድንጋይ ጠራቢዎች ነበሩ አለኝ። አንዱ ካቴድራል ሲያልቅ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ዲፕሎማ የለ፣ ፈቃድ የለ፤ አንዱ ብድግ ብሎ እኔ ዋና ግንበኛ ነኝ ቢል በምን ይታወቃል? ስለዚህ ባለሙያ ከአስመሳይ የሚለዩበት ቃልና የእጅ አጨባበጥ ነበራቸው። ያ ሁሉ ምሥጢር የሚባለው እንግዲህ የሥራ መታወቂያ ነበር ማለት ነው። በግንባታው ጥግ መሣሪያቸውን የሚያስቀምጡባት፣ ምሳቸውን የሚበሉባት ጎጆ ሎጅ ትባላለች፤ ማኅበሩ ዛሬም የሚጠራው በእሷ ነው። ኋላ የካቴድራል ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ድንጋይ ነክተው የማያውቁ መኳንንትና ምሁራን በክብር አባልነት እየገቡ፣ እየገቡ፣ ግንበኞቹ ወጥተው ሽርጡ ብቻ ቀረ። ሽርጥ የሚለብስ ሥራ የማይሠራ ወንድ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው ማለት ነው አልኩት። አልሳቀም።

የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ደግሞ ለንደን ውስጥ አራት ሎጆች አንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው አንድ ትልቅ ሎጅ አቋቋሙ ይባላል። እዚህ ላይ አቋረጥኩት። የት? መጠጥ ቤት አለኝ፣ በኩራት። ሰይጣን ራሱ በዋሻ ውስጥ መሠረተው እየተባለ ስንት ዓመት ያስፈራሩን ማኅበር ለካ ቢራ ቤት ነው የተመሠረተው። ወንዶች ለሚስቶቻቸው ስብሰባ አለን ብለው ቢራ ቤት የመሠረቱት ነገር ይኼ ብቻ አለመሆኑን የትኛዋም የአዲስ አበባ ሴት ትነግራችኋለች።

ኦኬ፣ መመሪያችሁስ ምንድን ነው አልኩት። ሦስት ነገር ነው አለኝ፤ ወንድማማችነት፣ የተቸገረን መርዳት፣ እውነት። ምልክታቸው ላይ ያለው ስኳድራ፣ ያ የግንበኛ ማዕዘን መለኪያ፣ ሥራህ ቀጥ ያለ ይሁን ማለት ነው፤ ኮምፓሱ ደግሞ ፍላጎትህን በልክ አድርግ ማለት። ለመግባት በፈጣሪ ማመን ግዴታ ነው፤ የትኛውን ብሎ ግን የሚጠይቅ የለም፤ የዓለሙ ታላቅ መሐንዲስ ብለው ይጠሩታል። አዳራሹ ውስጥ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ መከራከር ክልክል ነው። ሴትስ አልኩት። ጉሮሮውን ጠረገ። ሴት አይገባም። እንደ ገዳም መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ ገዳም ውስጥ የሚበላው ሽምብራ ነው፣ እዚህ ዶናት ነው።

ማን ጎትቶ አስገባህ ስለው ደግሞ ማንም አለኝ። እነሱ ሰው አይለምኑም፣ ገቢው ራሱ ነው የሚጠይቀው። ባሌ ጠይቆ ነው የገባው። ለምን ብዬ ስጨቀጭቀው፣

"እዚያ ስገባ የማን ወገን ነህ የሚለኝ የለም" አለኝ።

ምን እንደሚል ገብቶኛል። ከእድር ስብሰባ በተመለሰ ቁጥር ራሱን እያመመው ኪኒን የማቀብለው እኔ ነኝ። ቢሆንም እጅ አልሰጠሁም፤ የማይጠይቁህ ጆሯቸው ስለማይሰማ ነው ብዬ ወደ ወጤ ተመለስኩ። ልጃችን ሶፋው ላይ ስልኳን እየነካካች ነበር፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ "ማም፣ ኢትስ ጀስት እድር ፎር ዋይት ፒፕል" አለች። የፈረንጅ እድር ነው ማለቷ ነው። እዚህ አገር ተወልዳ እድር ምን እንደሆነ ማወቋ ራሱ ገረመኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ባሌ ግን ደስታው ልክ አጣና የስኳድራና የኮምፓሷን ምልክት ገዝቶ መኪናው ኋላ ላይ ለጠፈ። ለጥፎ የት ሄደ? እሑድ እኛን ይዞ ቤተ ክርስቲያን። ፓርክ ያደረገውስ የት? በሩ ላይ። የእኛ ሰው ደግሞ በስልክ በሚለቀቅ ቪዲዮ ስለዚህች ምልክት የዶክትሬት ያህል ተምሯል፤ የልጁን የትምህርት ቤት ሪፖርት የማያነብ ሁሉ እሷን ከሩቅ ያነባታል። ቅዳሴው ሳይወጣ የመኪናችን ፎቶ የእድሩ ግሩፕ ላይ ነበር። አንዱ ምልክቷ መሃል ዓይን አየሁ አለ። አንዷ፣ ልጇን ክርስትና ያነሳሁላት፣ ማውንት ቤከርን በመሰለ ውድ ሰፈር እንዴት ቤት ገዙ ስል ነበር፣ አሁን ገባኝ ብላ ጻፈች። ሰይጣን ሞርጌጅ የሚከፍልልን ከሆነ እንግዲህ ባንኩ እስካሁን አልደረሰውም።

እድሩ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። የእድራችን ሊቀመንበር አንቱ የምንላቸው፣ ጋሼ የምንላቸው፣ በጡረታ የተገለሉ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ እንደ ዜና አንባቢ ነው። ባሌን አስነስተው ጠየቁት። እሱም እኔን እንዳስረዳኝ ከስኮትላንድ ድንጋይ ጠራቢዎች ጀመረላቸው። አንዱ አቋርጦ መስቀል ትረግጣላችሁ ወይ አለው። እንዲያውም ስገባ የማልኩት መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነው አለ ምስኪን ባሌ፣ ነፃ የወጣ መስሎት። ከኋላ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ሰማንያ አሐዱው ነው ወይስ የፕሮቴስታንቱ ብለው ጠየቁ። ባሌ ቆጥሮት አያውቅም። አዳራሹ አጉረመረመ። ሰይጣኑን ይቅር ሊሉት ትንሽ ቀርቷቸው ነበር መሰለኝ፤ መጽሐፉ አሥራ አምስት መጻሕፍት መጉደሉን ግን የሚሸከሙት አልሆነም።

እኔ መናገር አልነበረብኝም፣ ተናገርኩ። የእድራችን ደንብ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ መነጋገር ክልክል ነው ይላል፤ የእነሱም እንዲያው ይላል፤ ልዩነታችን እነሱ ማክበራቸው ነው አልኩ። የሳቀልኝ አንድ ሰው ነው፣ እሱንም ሚስቱ ቆነጠጠችው። በመጨረሻ ጉዳዩ እስኪጣራ ባሌ ከእድሩ ታግዶ ይቆይ ተባለ። የስንቱን አባል ሬሳ ሣጥን የተሸከመ፣ የስንቱን ልቅሶ ድንኳን ዝናብ እየደበደበው የተከለ ሰው በእጅ ብልጫ ታገደ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ተናድጄ ነበር፤ የምሰድበው ሰው ብዛቱ ከማን እንደምጀምር አሳጣኝ።

ብዙም ሳይቆይ፣ ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር በምሠራበት መጋዘን ውስጥ የታሸገ ሳንድዊች እየደረደርኩ፣ ስልኬ ጠራ። አዲስ አበባ ያለው የባሌ ወንድም ነው። እናታቸው አርፋለች። ባሌ ከእናት ሌላ ወላጅ አያውቅም፤ በፋሲካ ሊያያት ትኬት ቆርጧል። ወንድሙ አደራ አለኝ። በስልክ እንዳይሰማ፣ አንቺም ብቻሽን እንዳትነግሪው፣ ሰው ሰብስበሽ አስነግሪው አለኝ።

መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ማለዳ፣ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ፣ ቤቱ ይሞላል፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ይኖራል። ሚስት ለብቻዋ አትናገርም። እድር ማለት እኮ ለእኔ ይኼ ነው፤ ሌላው ዳቦና ቆሎ ነው። እኔን ያስፈራኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ባሌ የሚውለው የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ከበታቹ ባዶ። አንዱ የሩቅ ዘመድ የእናቱን ፎቶ ከሻማ ጋር ስልክ ላይ ቢለጥፍና እዚያ ቆሞ ቢያየው ምን ሊሆን ነው? ይህን ሳስብ ጓንቴን ሳላወልቅ ሊቀመንበሩን ኮል አደረግኩ።

ጋሼ ከልባቸው አዘኑ፤ አይዋሽም። እግዜር ያጽናችሁ አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የባለቤትሽ ጉዳይ ገና ኮሚቴው ጋ ነው፣ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ቅዳሜ ነው አሉኝ። ቀኑ ሮብ ነበር። ሟቿ እስከ ቅዳሜ መታገሥ ነበረባት። (ኮሚቴው ቅዳሜ በእርግጥም ተሰበሰበ፤ ይቅር ብለነዋል ብሎ ወሰነ። ምኑን ይቅር እንዳለው እስከ ዛሬ አልተነገረንም።) የነፍስ አባታችን ለንግሥ ሌላ ስቴት ሄደዋል። አንዱ ጓደኛው ሺፍቴ ማለዳ ነው አለኝ። ሌላው እኔ እንኳ ምንም አልነበረኝም፣ ግን ሰው ምን ይላል አለኝ። የክርስትና ልጄ እናት ስልኳን አላነሳችም፤ ግሩፑ ላይ ግን የዕለቱን ጥቅስ ለጥፋ ነበር።

መጋዘኑ ጓሮ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ዓይኔን ጠርጌ፣ አለቃዬን አስፈቅጄ፣ ወደ ቀይ ሸክላው ሕንፃ ነዳሁ።

ሴት ወደማይገባበት የገባሁት እንዲህ ነው። ራስ ቅል ጠብቄ ነበር፣ ጥቁር ሻማ ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ተጣጣፊ ወንበር፣ የደበዘዘ ምንጣፍና የሞቱ አባላት ፎቶ የሞላው ግድግዳ ነው። ባሌ ሁልጊዜ የሚያነሳቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዱ ሽማግሌ ወንበር ሲያስተካክሉ አገኘኋቸው። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ከዚያ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ መርዶ ምን እንደሆነ ማስረዳት ጀመርኩ። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አንድም ጊዜ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ሞኝ ልማድ ነው ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ መነጽራቸውን አወለቁና ስንት ሰው ያስፈልጋል አሉኝ። ቤት የሚሞላ አልኳቸው።

ምን እንበል አሉኝ። ምንም አልኩ። ዝም ብላችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ሲወጣ እርስዎ ቁጭ በል ይሉታል፤ ሲቀመጥ ይነግሩታል። ሁለት ጠንካራ ወጣቶች ግን አጠገቡ ይሁኑ፣ ሊወድቅ ይችላል አልኳቸው። አሰቡ፣ አሰቡና፣ ወጣት የለንም አሉኝ፣ ከልባቸው አፍረው። ዓለምን የሚገዛው ማኅበር አንድ ጎረምሳ አጣ። በዚያ ሐዘን መሃል ሳቄ አመለጠኝ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ማታ የሆዴን በሆዴ ይዤ እራት አቀረብኩ። የባሌን ስልክ ሽሮ ዕቃ ውስጥ ቀብሬዋለሁ። የትም ጥለኸው ይሆናል አልኩት፣ ሥራ ቦታ ረስቼው ነው ብሎ ራሱን ሲወቅስ ዝም ብዬ አየሁት። ከዚያ እንጀራውን እየቆረሰ እሑድ እማዬን ኮል እናድርጋት፣ የልጅቷን የምረቃ ፎቶ አላሳየናትም አለኝ። ኦኬ አልኩ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፎጣ ነከስኩ።

ማለዳ ገና ሳይነጋ መጡ። ዝናብ ነበር። ጥሩምባ ያሰማ የለም፣ በር ያጋጨ የለም። ጎዳናችን በትልልቅ አሮጌ መኪና ዳርና ዳር ሞላ። ከሌላ ከተማ፣ ከታኮማ ድረስ የነዳ አለ። በዎከር፣ በዚያ ባለ አራት እግር መደገፊያ፣ የሚሄድ አለ፤ የእሱን ዎከር ደረጃዬን ለማስወጣት የፈጀብን ጊዜ አንድ ካቴድራል ያሠራ ነበር። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ሶፋዬ ሞላ፣ የምግብ ጠረጴዛው ወንበር ሞላ፣ የቀሩት ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ልጄ ከክፍሏ ወጥታ አየቻቸውና ከሽማግሌው አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

ባሌ በካናቴራ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። አያቸውና ፈገግ ሊል ቃጣው፤ አንድ ስብሰባ የረሳ ሳይመስለው አልቀረም። ከዚያ መስኮቱን አየ፣ ገና ጨለማ ነው። ጥቁሩን ልብስ አየ። ሽማግሌው ብድግ ብለው፣ እንዳስጠናኋቸው፣ ወንድሜ ቁጭ በል አሉት በእንግሊዝኛ። የሰማቸው አይመስለኝም። አልተቀመጠም። ፈረንጅ ይሁን ሐበሻ፣ በዚያ ሰዓት ቤቱን የሞላ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ባሌ ያውቃል።

"እናቴ ናት?" አለ፣ በአማርኛ።

ማንም አልገባውም። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እንዳልናገር ስል ከተማውን ሙሉ የዞርኩበት ቃል ዞሮ ዞሮ ከእኔ በቀር የሚናገረው ጠፋ። ባሌ አሁንም እነሱን ነው የሚያየው።

"አዎ" አልኩት።

ቃሉን አያውቁትም፤ ግን ሁሉም አንድ ላይ ተነሱ። ያ ባለ ዎከር እንኳ ዎከሩን ትቶ ተነሳ። ሳይወድቅ ያዙት።